የጻቮ አንበሶችና የሐዲዱ ሟቾች
የታላላቅ ግንባታዎችን ታሪክ ስናስተምር ርዝመታቸውንና ወጪያቸውን እናነሣለን፤ የሠራተኛው ሕይወት ግን ይዘነጋናል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ የጀመሩት የኡጋንዳ ምድር ባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ለሥራው ከሕንድ ከመጡት 32,000 ያህል ሠራተኞች መካከል 2,500 የሚሆኑት አለቁ። በ1898 በጻቮ ወንዝ ድልድይ ሲሠራ ሁለት ሰው በላ አንበሶች በርካታ ሠራተኞችን ፈጁ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ሸሹ፤ ሥራው ለሳምንታት ቆመ። መሐንዲሱ ፓተርሰን አንበሶቹን ገድሎ በ1907 መጽሐፍ ስላወጣ ዓለም የሚያስታውሰው እነርሱን ነው። አብዛኛውን ሰው የጨረሰው ግን በሽታ ነበር። ወባና ተቅማጥ በጥይት አይመቱም፤ የሚከላከሏቸው አስቀድሞ የተሰናዳ ንጹሕ ውሃ፣ መጠለያና ሕክምና ናቸው። እንግዲህ እኛ መምህራን ከአንበሶቹ ታሪክ አልፈን፣ ይህን ሁሉ ማሰናዳት የማን ኃላፊነት እንደ ነበር ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ።