የድሮው ቴሌቪዥን ለምን አምሮ ይታወሰናል?

በዕድሜ ገፋ ያሉ የከተማ ነዋሪዎች ስለ ቴሌቪዥን ሲያወጉ «የድሮው ይሻል ነበር» ማለታቸው የተለመደ ነው። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ የቀረውን ግን የሠራው ትዝታ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ምስል ሲሆን፣ በቀለም ማሳየት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። መቀበያ ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር ጎረቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። በመሆኑም የሚናፈቀው ሥዕሉ ይሁን ጉርብትናው መለየት ያስቸግራል።

ትዝታ እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጦ የሚወጣ ሳይሆን፣ በታወሰ ቁጥር እንደ አዲስ የሚገነባ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት ይህን በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። በጉርምስናና በወጣትነት የታየ ነገር ከሌላው ዕድሜ ይልቅ ጎልቶ ይታወሳል፤ የሚያስመርረው ደግሞ ቶሎ ይደበዝዛል። አንቴና ለማስተካከል ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ? ሄደ?» እያሉ መጮኽ እንኳ ዛሬ እንደ ጨዋታ ይነገራል።

እውነት የሆነው ክፍል ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነው። የድሮው መቀበያ ምስሉን በ625 መስመሮች ይሠራ ነበር፤ የመስታወቱ ብርሃን መስመሮቹን አዋህዶ ስለሚያለሰልሳቸው ጉድለቱ አይታይም። ያው ምስል 1,080 መስመር ባለው ጠፍጣፋ ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ጠርዙ ይሻክራል። የልጅነቱን ድራማ በዩቲዩብ ከፍቶ «እንዲህ ነበር እንዴ?» ያለ ሰው ዓይኑ አልተሳሳተም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ትዝታ የሚተወው ነገር ነው። ባለቀለሙ ሥርጭት የበዓሉን ሰልፍ ባሳየበት ሰሞን ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ለዓለም የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምስል ውስጥ ያለው አርሶ አደር በአብዛኛው መብራትም ቴሌቪዥንም አልነበረውም፤ ራሱን በስክሪን አላየም። ስለዚህ «የድሮው ቴሌቪዥን» የሚለው ናፍቆት የከተማ ናፍቆት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የገጠሩ የራሱ ምስል የሚገኘው ዘግይተው በመጡት የሠርግና የተዝካር ቪዲዮ ካሴቶች ላይ ነው። ካሴት ምስልን የሚይዘው በማግኔት በመሆኑ ሙቀት፣ እርጥበትና አቧራ ያበላሹታል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ካሴቱን ከጭስ አርቆ በደረቅ ቦታ አቁሞ ማስቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ፍላሽ ማስገልበጥ ይገባል። የተገለበጠውን በዕድሜ ከገፉት ጋር ሆኖ ማየትና በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን መጻፍ ደግሞ የሚያውቁት በሕይወት ሳሉ የሚሠራ ሥራ ነው።