ጭቃ ሹምነትና የርስት ሐረግ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የጥንቱ አገዛዝ ከገበሬው ጋር የሚገናኘው በጭቃ ሹሙ ደጃፍ ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በንጉሥ ፈቃድ ይሾማል፣ ይሻራል። ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲወድቁ በበጌምድር ገዥው ተለወጠ፤ ጭቃ ሹምነቱ ግን ከርስተኞቹ እጅ አልወጣም። አገሩን ቀድሞ ያቀናው አባት ተወላጆች የሚወርሱት፣ በብዙ አጥቢያም በየተራ የሚይዙት ሹመት ነበርና።

ጭቃ ሹሙ ግብር ይሰበስባል፤ ለባለ ጉልቱ ሁዳድ ሰው ይጠራል፤ ለአላፊ ሠራዊት ድርጎ ያስወጣል። የጎደለ እንደ ሆነ ተጠያቂው እርሱው ነው። ታዲያ ይህን ሸክም ስለ ምን ተሻሙበት? ትውልድ በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር ወራሹ ከመሬቱ ይበዛል፤ በሹመቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ በርስት ክርክር ቃሉ ይደመጣል።

ከዚህ ቆጠራ ውጭ የቀሩም ነበሩ። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ በተለይም ቤተ እስራኤልና ሙስሊሞቹ ባለ እጆች፣ አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም። ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰው በሚታረሰው መሬት ላይ አፍ አልነበረውም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት የማደላደሉንና የመሬት ዳኝነቱን ሥራ ለገበሬ ማኅበር ሰጠ። እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሐረግ የሚቆጥሩት ሽማግሌዎችም ለርስት ምስክርነት መጠራታቸው ቀረ።