የምህንድስና ተማሪዎች የኢንተርኔት መማሪያ ሶፍትዌሮች፦ ከእንጅባራና ከዳንግላ ሆኖ እንዴት ይደረስባቸዋል?

ልጁን ለምህንድስና ትምህርት የላከ የአዊ አርሶ አደር ገና በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወጪዎች ይመጡበታል። አንደኛው የላፕቶፕ፣ ሁለተኛው የ"ሶፍትዌር" ነው። ላፕቶፑ በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ በመሆኑ ዋጋውን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። ሶፍትዌሩ ግን አይጨበጥም፤ ዋጋውም ለብዙ ወላጅ ግልጽ አይደለም። በዚህም ምክንያት ድንች ወይም የዲከረንስ ከሰል ተሸጦ የተላከ ብር በነጻ ለሚገኝ ነገር ሊከፈል ይችላል።

ለምህንድስና ትምህርት ከሚያስፈልጉት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። በአግባቡ ከተዘጋጁም ኢንተርኔት በሌለበት ቀበሌ ይሠራሉ። ይህ ጽሑፍ የሶፍትዌሮቹን ዓይነት፣ የአገባብና የአጫጫን ሥርዓታቸውን፣ እንዲሁም ቤተሰብ ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ሁለት ዓይነት ሶፍትዌሮች

የመጀመሪያው ዓይነት የመማሪያ ሥርዓት ነው። መምህሩ የትምህርቱን ጽሑፍ፣ የቤት ሥራውንና ፈተናውን የሚያስቀምጥበት፣ ተማሪውም በመጠቀሚያ ስምና በይለፍ ቃል ገብቶ የሚማርበት የኢንተርኔት መማሪያ ክፍል ማለት ነው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ሙድል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ለሕዝብ የቀረበ፣ ማንኛውም ተቋም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም አገልግሎት ላይ ውሏል።

ሁለተኛው ዓይነት የሙያ መሥሪያ ነው። የሕንፃ ንድፍ የሚነሣበት፣ የወንዝ ፍሰት የሚሰላበት፣ የኤሌክትሪክ መሥመር የሚሞከርበት ሶፍትዌር ከዚህ ይመደባል። የመማሪያ ሥርዓቱን የሚያዘጋጀው ተቋሙ ነው። የሙያ መሥሪያውን ግን በአብዛኛው ተማሪው ራሱ አውርዶ በላፕቶፑ ላይ መጫን ይኖርበታል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለመጀመሪያው ተማሪው የሚከፍለው ነገር የለም፤ ለሁለተኛውም ቢሆን ነጻ አማራጭ አይታጣም።

አስፈላጊነቱ ከየት መጣ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዩኒቨርሲቲዎች የገጽ ለገጽ ትምህርት እንዲያቋርጡ ባስገደደ ጊዜ የኢንተርኔት ትምህርት ዝግጅት ማነስ ጎልቶ ታየ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከሻያሾኔ ጋር በመተባበር "ኢ-ሺ" በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የከፍተኛ ትምህርት የኦንላይን መርሐ ግብር በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘርግቷል። መርሐ ግብሩ መምህራንን በኦንላይን ማስተማር ያሠለጥናል፤ ለተማሪዎችም በራሳቸው ጊዜ የሚከታተሏቸውን ትምህርቶች ያቀርባል።

ሁለተኛው ምክንያት የመውጫ ፈተና ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ይህ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150 ሺህ 184 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61 ሺህ 54፣ ማለትም 40 ነጥብ 65 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱን የሚወስነው የትምህርቱ ዕውቀት ቢሆንም፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ መሥራትን በፈተናው ቀን የሚጀምር ተማሪ በከንቱ ጊዜ ያባክናል።

ሦስተኛው ምክንያት የራሳችን አካባቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ኔትወርክ በነበረ ጊዜ ትምህርቱን አውርዶ ያስቀመጠ ተማሪ በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ማንበቡን ይቀጥላል፤ ያላወረደው ግን ኔትወርክ ጠባቂ ይሆናል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ወደ መማሪያ ሥርዓቱ አገባብ

በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል በጀመረው በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ለሚማር ልጅ አገባቡ ተቀራራቢ ነው።

1. የመጠቀሚያ ስምና የመጀመሪያ የይለፍ ቃል ከተቋሙ የሬጅስትራር ወይም የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ይወሰዳል። ይህ አገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አታላይ ነው።

2. በመጀመሪያው ቀን የይለፍ ቃሉ ይቀየራል። አዲሱ ቃል በማስታወሻ ደብተር ተጽፎ ቤት ይቀመጣል እንጂ በቴሌግራም ለጓደኛ አይላክም።

3. ተማሪው በሥራ ላይ ያለ የኢሜይል አድራሻና የስልክ ቁጥር ያስመዘግባል። የይለፍ ቃል ሲጠፋ ማስመለስ የሚቻለው በእነዚህ ነው። ሲም ካርዱ የተቀየረበት ተማሪ ቁጥሩን ማሳወቅ አለበት።

4. የተመዘገበባቸው ትምህርቶች ሁሉ በገጹ ላይ መኖራቸውን ያረጋግጣል። የጎደለ ካለ ሴሚስተሩ ሳይገፋ ለትምህርት ክፍሉ ማመልከት ይገባል።

5. በስልክ መጠቀም የሚሻ ተማሪ የሙድልን መተግበሪያ ይጭንና የተቋሙን የሙድል አድራሻ ያስገባል። ይህ የሚሠራው ተቋሙ ለስልክ መተግበሪያ ከፈቀደ ነው።

ያለ ኢንተርኔት መጠቀም

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በኢትዮጵያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክ፣ በተለምዶ "ኢተርኔት" በሚባለው መሥመር እንዲተሳሰሩ ተደርገዋል። የመማሪያ ሥርዓቱ የተጫነበት ሰርቨር በግቢው ውስጥ ከሆነ የውጭው መሥመር ቢቋረጥም ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ከባድ ፋይሎችን ማውረድ የሚገባው በግቢ ውስጥ ነው፤ ዳንግላ ወይም አዲስ ቅዳም ደርሶ በሞባይል ዳታ ማውረድ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

የሙድል መተግበሪያ አንድን ትምህርት ሙሉ በሙሉ አውርዶ በስልክ ውስጥ ያስቀምጣል። መምህሩ ከፈቀደም አጫጭር ፈተናዎችን ያለ ኔትወርክ መሥራት ይቻላል፤ መልሱ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ይላካል። ስለሆነም ተማሪው ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ ከመመለሱ በፊት በየትምህርቱ ያሉትን የማውረጃ ምልክቶች መጫን ይጠበቅበታል። ማውረዱ መሳካቱን ለማረጋገጥ የስልኩን ኔትወርክ አጥፍቶ ትምህርቱን መክፈት በቂ ነው። ካልከፈተ ገና አልወረደም ማለት ነው።

ቪዲዮ ዳታ ይበላል። የአንድ ሰዓት ትምህርት በከፍተኛ ጥራት ሲታይ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ጥራቱን ወደ 360 ዝቅ ማድረግ ፍጆታውን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ጽሑፉ ግን ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ባስታወቀው ነጻ የትምህርት መርሐ ግብሩ የበርካታ የምህንድስና ኮርሶችን ማስታወሻ፣ መልመጃና ፈተና በአንድ ጥቅል ለማውረድ ያስችላል። አንድ ተማሪ ያወረደውን በፍላሽ ለአሥር ጓደኞቹ ሊያካፍል ይችላል፤ ፈቃዱም ትርፍ ለማይገኝበት የትምህርት አገልግሎት እስከዋለ ድረስ ይህን አይከለክልም።

ያለ ክፍያ የሚገኙ የሙያ መሥሪያዎች

ለስሌት፦ ማትላብ የሚባለው ሶፍትዌር ክፍያ አለው። ኦክታቭ ግን ነጻ ነው፤ ለማትላብ የተጻፉ ፕሮግራሞችን በአብዛኛው ያለ ለውጥ ያሠራል። መነሻውም የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎችን መርዳት ነበር። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም እንዲሁ በነጻ ይገኛል።

ለንድፍ፦ አውቶካድን አምራቹ አውቶዴስክ ለተረጋገጡ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በነጻ ይሰጣል፤ ተማሪነቱ እስከቀጠለም በየዓመቱ ይታደሳል። ለዚህ የተቋሙ ኢሜይል ወይም ተማሪነትን የሚያረጋግጥ ሰነድ ያስፈልጋል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ኮምፒውተር ሊብሬካድ፣ ለባለ ሦስት ገጽታ ንድፍ ደግሞ ፍሪካድ አማራጮች ናቸው።

ለውኃ ምህንድስና፦ ኢፓኔት በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የተሠራ ሲሆን የቧንቧ መሥመርን ግፊትና ፍሰት ያሰላል። ከተራራ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ቀበሌ የሚወርድ ውኃ የመጨረሻው ቦኖ ላይ በበቂ ግፊት ይደርስ እንደሆነ ቧንቧው ሳይቀበር ማወቅ የሚቻለው በእንዲህ ዓይነቱ ስሌት ነው። ክብደቱም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው። ሄክ-ራስ ደግሞ በአሜሪካ ጦር የምህንድስና ጓድ የተዘጋጀ የወንዝና የጎርፍ ማስሊያ ነው።

ለካርታና ለቅየሳ፦ ኪውጂአይኤስ። ለኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ፦ ኪካድ እና ኤልቲስፓይስ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ"5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ" መርሐ ግብር ለዚህ አጋዥ ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ማበልጸግ መሠረታዊ ትምህርቶችን በኢንተርኔት በነጻ ያስተምራል፤ ላጠናቀቀም የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ላፕቶፕ ሲገዛ

ውድ ላፕቶፕ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ለአብዛኛው የምህንድስና ሥራ 8 ጊጋባይት የሥራ ማኅደር (ራም)፣ ኤስኤስዲ የሆነ የመረጃ ማከማቻና ጤነኛ ባትሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ለመነሻ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ባትሪው ከመልኩ ይበልጣል። ከመክፈል በፊት ኮምፒውተሩን ከሻጩ ፊት ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማሠራት፣ ራሙና ማከማቻው እንደተነገረው መሆኑን በኮምፒውተሩ የመረጃ ገጽ ላይ ማየት፣ ደረሰኝ መቀበልና የዋስትናውን ጊዜ በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል። ወላጅ ብቻውን ከሚገዛ ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለ የምህንድስና ተማሪ ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ የጋራ ትምህርቶች ስለሚበዙ ግዥውን እስከ ትምህርት ክፍል ምደባ ድረስ ማቆየትም ያስኬዳል፤ የሚያስፈልገው አቅም በትክክል የሚታወቀው ያኔ ነውና።

ጥንቃቄ

"ክራክ" የሚባለው፣ ቁልፉ ተሰብሮ በፍላሽ የሚዞረው ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ ከቫይረስ ጋር ይመጣል። ቫይረሱ የመመረቂያ ጽሑፍን ሊያጠፋ ይችላል። ነጻ ሶፍትዌር ከአዘጋጁ ዋና ገጽ ብቻ መወሰድ አለበት። የመመረቂያ ሥራ ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በላፕቶፑ፣ በፍላሽና በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ማኅደር መቀመጥ ይኖርበታል።

ትምህርት ቤቶች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ልጆች ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ መጠበቅ አያስፈልግም። ኮሊብሪ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ኢንተርኔት ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች፣ የቤተ ሙከራ ምስለ ሙከራዎችም ጭምር አንድ ጊዜ ከወረዱበት በኋላ፣ ተማሪዎች በአንድ የዋይፋይ ራውተር አማካይነት በስልክም በኮምፒውተርም ይገለገሉበታል። ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተርና ኀላፊነቱን የሚወስድ አንድ መምህር ነው።

ለአርሶ አደሩ ምን ይመልሳል?

በዳንግላ ወረዳ ዳንጊሽታ ቀበሌ በ2006 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተጀመረ ሥራ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። የቀበሌው ነዋሪዎች የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የእጅ ጉድጓዶችን የውኃ ጥልቀት ራሳቸው እየለኩ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጆርናል ኦፍ ሃይድሮሎጂ የታተመው ጥናት ነዋሪዎቹ የሰበሰቡት መረጃ ጥራት ከመደበኛ ምንጮች መረጃ እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ መረጃ በኮምፒውተር ሲሰላ የከርሰ ምድር ውኃው በበጋ ለመስኖ ምን ያህል ሊያገለግል እንደሚችል ለመገመት ያስችላል።

ልኬቱን ያመጣው አርሶ አደሩ ነው፤ ስሌቱን ሊሠራ የሚችለው ደግሞ በሶፍትዌሩ የሠለጠነ የአርሶ አደሩ ልጅ ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ መረጃውም ከገዛ ጉድጓዳችን ይቀዳል። ስለዚህ ወላጅ ለሶፍትዌር ተብሎ ገንዘብ ሲጠየቅ "ነጻ የሆነው የለም ወይ?" ብሎ ይጠይቅ፤ ተማሪውም ከግቢ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት የሚያስፈልገውን አውርዶና ሞክሮ ይነሣ።