አይብና ፎርማጆ

የቅበላ ሰሞን ነበር። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ መገናኛ በሚገኘው ቤቴ አራት ወዳጆቼን ፎርማጆ ለማቅመስ ጠራኋቸው። ፕሮቮሎኔውን፣ ሞዛሬላውንና ከባሕር ማዶ የመጣውን ጎርጎንዞላ ቆራርጬ በትሪ ደረደርሁ።

እየቀመስን ሳለ ታሪክ ማውራት ጀመርሁ። ፎርማጆ የሚለው ስም ከጣልያንኛ እንደተወሰደ ነገርኋቸው። ዘመናዊው የወተት ሥራችን እ.ኤ.አ. በ1947 ከተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት በተለገሱ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች እንደተጀመረ፣ በ1960 ደግሞ ያን ጊዜ የከተማዋ ዳርቻ በነበረችው በጎረቤታችን በሾላ በዩኒሴፍ ድጋፍ የወተት ማቀነባበሪያ እንደቆመ ተረክሁ።

ቀጥዬም፣ "እኛ ግን አይብ አናስረጅም" አልሁ። ፈረንጅ ወተቱን ከነስቡ አርግቶ ለወራት ያቆያል፤ በእኛ ዘንድ የሚቆየው ቅቤው ነው። እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ስለዚህ አይባችን የሚወደደው በትኩስነቱ እንጂ በዕድሜው አይደለም ብዬ ደመደምሁ።

ከጎጃም ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከአገር ቤት ይዛው ከመጣችው ዕቃ ጥቂት ጨልፋ በሳህን አቀረበች።

"ልጄ፣ መጣጣ አይቡን ረሳኸው?" አለችኝ።

መጣጣ አይብ! አጓቱ በሚገባ ተንጠፍጥፎ፣ ከቅመማ ቅመም ጋር ተዋሕዶ፣ በዕቃ ተከድኖ ለሳምንታት እንዲብላላ የሚተወው የጎጃም አይብ! ቀመስነው። ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ኮምጣጣነቱ፣ ኋላም ቀስ ብሎ የሚመጣው የቅመሙ ጣዕም ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከወዳጆቼ አንዱ ወደ ሳህኑ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

ያሳፈረኝ መሳሳቴ ብቻ አልነበረም፤ እኔ ራሴ መጣጣ እየበላሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። የሾላን ዓመታት በቃሌ የያዝኋቸው ተጽፈው ስላገኘኋቸው ነው። የመጣጣው ታሪክ ግን በእናቴ እጅ ነበር፤ እኔም አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ደብተሬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

"ከየት ልጀምርልህ?" አለችኝ።

"ካስተማረችሽ ሰው፣ እማዬ" አልኋት።