ጤና መኮንን ወይስ ነርስ? የሁለት ሙያዎች አመጣጥ

በጅቡቲ ከተማ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ወደ ጤና ሙያ ሲያዘነብሉ «ጤና መኮንን ልሁን ወይስ ነርስ?» ብለው መምህራቸውን መጠየቃቸው አይቀርም። መምህሩም ደመወዝና ማዕረግ ከማወዳደሩ በፊት የሁለቱን ሙያዎች አመጣጥ ቢያስረዳ ይበጃል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይ በ1803 ባወጣችው ሕግ «ኦፊሲዬ ደ ሳንቴ»፣ ማለትም ጤና መኮንን፣ የሚባል ማዕረግ አቋቁማ ነበር። እነዚህ ባለሙያዎች ከሙሉ ሐኪም በታች ሆነው በተፈቀደላቸው አውራጃ ብቻ ያክሙ ነበር። ይሁን እንጂ ማዕረጉ በ1892 ተሻረ። በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ከተቆረቆረች ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ስለሆነም በፈረንሳይኛ ለተማረ ልጅ ሐኪምና ነርስ የታወቁ ሲሆኑ፣ ጤና መኮንን የሚለው ስም እንግዳ ቢሆንበት አያስደንቅም።

በኢትዮጵያ ግን ሙያው የተወለደው ከችግር ነው። በ1953 በደምብያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በአገሪቱ አንድም የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው በ1964 ነው። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። መኮንኑ በሽተኛ ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሦስተኛው ውኃንና መጸዳጃን ይቆጣጠራል።

አሜሪካ ተመሳሳይ እርምጃ የወሰደችው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በ1965 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ በባሕር ኃይል ሕክምና የሠሩ ሰዎችን የሐኪም ረዳት አድርጎ ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዓመት በኮሎራዶ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር፣ ነርስ ራሷ መርምራ እንድታክም የሚያበቃ ትምህርት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሙያ ከሐኪሙ ዕውቀት፣ ሁለተኛው ከነርሷ እንክብካቤ የበቀለ ነው።

ታሪኩ ማስጠንቀቂያም አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጎንደር ኮሌጅ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲሆን፣ የጤና መኮንኖች ትምህርት ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የነርስነት ትምህርት ግን በዚያም ዘመን ቀጥሏል። ከዚህም የተነሣ ተማሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ይበልጥ የሚስበኝ በሽታን መርምሮ ማወቅ ነው ወይስ በሽተኛውን መንከባከብ? ሁለተኛ፣ ሙያው ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያሻግር መንገድ አለው? ሦስተኛ፣ ልሠራበት ባሰብሁት አገር የምስክር ወረቀቱ ይታወቃል? በተለይ ሦስተኛው፣ በኢትዮጵያ ተምሮ በጅቡቲ ለመሥራት የሚያስብ ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ሊያጣራው የሚገባ ነው።

መምህርም «መኮንንነት ለወንድ፣ ነርስነት ለሴት» የሚለውን የቆየ ልማድ ማስተጋባት የለበትም። ሁለቱም ሙያዎች የተፈለጉት ሐኪም ያላገኘ ሕዝብ በመኖሩ ነውና፣ ምርጫው በተማሪው ዝንባሌና ችሎታ ይወሰን።