የቆጡን አወርድ ሲሉ፦ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ያለፈበት መንገድ

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ሲተረት ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነበረም። ይሁንና ላለፉት አርባ ዓመታት የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ላይ ያሳለፈውን ውጣ ውረድ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የሚገኝ አይመስለኝም። አዲስ ፕሮግራም መጣ በተባለ ቁጥር ለመሞከር የማይቸኩል አልነበረም። ሞክረን የወደድነውን ይዘን ስንጓዝ ግን ትናንት በሌላው ፕሮግራም የጻፍነውን ከኋላችን እየጣልን መሄዳችንን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ሰዎች ባብዛኛው በመንግሥት በጀት ወይም በትልቅ ኩባንያ ትእዛዝ የሠሩ አልነበሩም። ቀን የእንጀራቸውን ሥራ ሠርተው፣ ማታ ከእንቅልፋቸው ቆርሰው ከፊደል ጋር ሲታገሉ ያመሹ አፍቃሪዎች ነበሩ። እንግዲህ ታሪኩ የሁለት ነገሮች ታሪክ ነው፤ የፍቅርና የአምሮት።

ከሮም ማተሚያ ቤት እስከ ጽሕፈት መኪና

የግዕዝ ፊደል ከአዲስ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ከመጀመሪያውም በአፍቃሪ እጅ ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው። ያሳተመውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ነበር። ፖትከን ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳትን ዜማ ሰምቶ ተማረከ። ቋንቋውን “ከለዳዊ” ነው ብሎ እስኪሳሳት ድረስ ስለ አገሩ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ቢሆንም ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ፊደል ቆጥሮ፣ የእርሳስ ፊደል አስቀርጾ መጽሐፉን ለኅትመት አበቃ።

ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ተራው የጽሕፈት መኪና ሆነ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ደከሙ። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ለሃያ ስድስት የላቲን ፊደሎች በተሠራ መኪና ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደሎች እንዴት ይግቡ? መፍትሔው ፊደሉን መበታተን ሆነ። ግእዙ አንድ ጊዜ ይመታል፤ የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የሌላው ምልክት ደግሞ በሌላ ቁልፍ ይቀጠልበታል። በኋላ የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪናዎች በየቢሮው ሲገቡም የብዙ ፊደሎች መልክ እንደ ተጣፈ ልብስ ነበር። በዚያ መኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ አንባቢ ቅጥያዎቹ ከፊደሉ ጋር እንዴት እንደሚገፋፉ ያስታውሳል። ሰው ግን ለመደው። ምክንያቱም አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ወረቀት ላይ ያረፈ ጽሑፍ መኪናው ቢሰበርም ይነበባል።

256 ቦታ

ኮምፒዩተር ግን እንደ ወረቀት አይደለም። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሽኑ የሚያስቀምጠው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩን አይቶ የፊደሉን ሥዕል ስክሪን ላይ የሚያወጣው ደግሞ “ፎንት” የምንለው ነገር ነው።

በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ስምንት ቢት ስለሆነ ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ቁጥሮች ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ 128 ደግሞ አስቀድመው ለላቲን ፊደልና አኃዝ፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች ተይዘዋል። የእኛ ፊደል በበኩሉ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። በዚያ ላይ እነ ቋ፣ ጓ፣ ሏ አሉ፤ የግዕዝ አኃዞች አሉ፤ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አሉ። ይህን ሁሉ በቀረው ቦታ ማስገባት በአንድ ኩባያ አንድ ጀበና ቡና ለመቅዳት እንደ መሞከር ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ የራሱን ብልሃት ፈለገ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው። ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው በታትኖ ቀጣጠለው። ሌላው ደግሞ የላቲኑን ቦታ ነጥቆ ለአማርኛ ሰጠው። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ ግን እርስ በርሳቸው አልተስማሙም።

በትርፍ ጊዜ የተሠራ ፊደል

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፍሥሐ አጥላው “ዳሸን” የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አወጡ። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ “ሞዴት” በተባለው ሥራቸው ጀምረው ወደ “ግዕዝኤዲት” አደጉ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም ለአጻጻፍ ዘዴያቸው የአሜሪካን ፓተንት አግኝተዋል። አባስ አላምነህ “ኢትዮ ሲስተምስ” በሚል ስም ፊደልና ፕሮግራም ሲያዘጋጁ ቆዩ። አገር ቤትም “ፓወር ግዕዝ”፣ “ቪዥዋል ግዕዝ”፣ “አጋፋሪ”፣ “ብራና”፣ “አልፓስ” የሚባሉ ስሞች በየቢሮውና በየጽሕፈት ቤቱ ይጠሩ ጀመር።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ይገናኙ ነበር? በዓለም ላይ የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች እርስ በርስ በስልክ መስመር መገናኘት የጀመሩት ገና ኢንተርኔት ወደ ሕዝብ ሳይደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው “ፊዶኔት” አንዱ ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ እየተደዋወሉ መልእክት ይቀባበላሉ። ይህ የአፍቃሪዎች ብልሃት ለኢትዮጵያም ደረሰ። አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው “ፓዲስ” በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ኢንተርኔት በይፋ አገልግሎት የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም ነው።

በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በኮምፒዩተር መልእክት አገራዊ ወሬ ሲለዋወጡ አንድ ችግር ገጠማቸው። መስመሩ የሚያሳልፈው የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ሁሉም አማርኛውን እንደ መሰለው በላቲን ይጽፋል፤ “ጸሐይ” ይሁን “ፀሐይ” አይለይም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ “ሴራ” የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የማያሻማ የላቲን አጻጻፍ ይኖረዋል። ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል እንኳ ይለያያሉ፤ ትንሹ “ኤች” ለሀ፣ ትልቁ ለሐ ይውላል። ስለዚህ በላቲን የተላከውን ኮምፒዩተር ራሱ መልሶ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል። ዛሬ በኮምፒዩተርም ሆነ በስልክ ድምፁን በላቲን ቁልፍ እየመታ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የዚህ ዓይነቱን አሠራር ፍሬ ይበላል። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይሏል ይህ ነው።

የአምሮቱ ዋጋ

ፍቅሩ ይህን ሰጠን። አምሮቱስ ምን አስከፈለን?

በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚጓዘው በዲስኬት ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ጓደኛው ይገለብጣል፤ የጓደኛው ጓደኛም እንዲሁ። ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ጥቂት ነው። በነጻ የተገኘ ነገር ደግሞ ለመሞከር አያሳሳም። የአዲሱ ፕሮግራም ፊደል ያምራል፤ ቁልፉ ይቀላል፤ ስሙም ይጥማል። ስለዚህ ቢሮው ባለፈው ዓመት ሲጽፍበት የነበረውን ትቶ ወደ አዲሱ ይዛወራል።

ችግሩ የሚታወቀው የድሮው ጽሑፍ ሲፈለግ ነው። በአንዱ ፕሮግራም “ለ” የተቀመጠበት ቁጥር በሌላው “ቆ” ሊሆን ይችላል። የድሮው ፎንት ከማሽኑ ከጠፋ ደግሞ “ለ”ም “ቆ”ም አይወጣም፤ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ጋጋታ ነው። ቃለ ጉባኤው፣ የፍርድ ውሳኔው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ያልታተመው የግጥም ስብስብ ሁሉ ፋይሉ ሳይጠፋ ይጠፋል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ እሳት ያቃጠለው ወይም ምስጥ የበላው ጽሑፍ አይደለም። ሁሉም ቁጥር በቦታው አለ። የጠፋው ቁጥሩ ምን ማለት እንደነበረ የሚያውቅ ነው።

ዳንኤል ያዕቆብና ባልደረቦቹ “ሊብኤት” በሚል ስም ባዘጋጁት ሥራ የብዙ ፕሮግራሞችን የቁጥር አሰጣጥ መዝግበው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ መሣሪያ ሠርተዋል። በደርዘን የሚቆጠሩ የተለያዩ አሰጣጦች ነበሩ። ለአንድ ፊደል ይህን ያህል ቋንቋ! የባቢሎን ሰዎች እንኳ በአንድ ፊደል ሲጻጻፉ አልተደናገሩም።

አንድ ቁጥር ለአንድ ፊደል

መውጫው የመጣው ከዓለም አቀፉ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው “ዩኒኮድ” የተባለው ማኅበር ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የማይለወጥ ቁጥር ለመስጠት ተነሣ። ከላይ ስማቸውን የጠራናቸው አፍቃሪዎች፣ ከዜሮክሱ ጆ ቤከር ጋር ሆነው፣ የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ እንዲገባ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ቁጥር አገኙ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ደግሞ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችና ለጥንታዊ ጽሑፎች የሚያስፈልጉ ተጨመሩ።

ታዲያ ችግሩ በ1999 አለቀ? አላለቀም። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ “ኒያላ” የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጋዜጣና መጽሔት ገጽ የሚያዘጋጁበት “ፔጅሜከር” ደግሞ ዩኒኮድን ጨርሶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶች ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት በድሮዎቹ ፎንቶች መሥራታቸውን ቀጠሉ። እዚህ ላይ የተገላቢጦሽ ትምህርት አለ፤ ለመለወጥ ይቸኩል የነበረው ሰው፣ መለወጥ የሚጠቅመው ዘመን ሲመጣ ዘገየ።

ዲላ ላይ ሁለት ፊደል

ይህ ታሪክ የአዲስ አበባና የውጭ አገር ብቻ መስሎ እንዳይታይ ወደ ደቡብ እንውረድ። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፍቶባት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ኮሌጅ ባለበት ከተማ ደግሞ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አይጠፋም፤ ጽሕፈት ቤት ባለበትም የፎንት ጣጣ አለ።

የጌዴኦ ጉዳይ ግን አንድ ልዩ ገጽታ አለው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ጌዴኡፋ አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በኋላ ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ለዚህ ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚረዝመውንና የሚያጥረውን ድምፅ ፊደል በመደጋገም ለማሳየት ላቲኑ ይመቻል የሚል ነው።

ውጤቱን አስቡት። ዲላ ላይ ኮምፒዩተር የገዛ መምህር ጌዴኡፋን ያለ ምንም ልዩ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ የጻፈው ፋይል ዛሬም ይነበባል። የቢሮው ቋንቋ በሆነው በአማርኛ ሲጽፍ ግን ከዲስኬት ዲስኬት ይንከራተታል። በሌላ በኩል ደግሞ በ1970ዎቹ በግዕዝ ፊደል ጌዴኡፋ ማንበብ የተማሩ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን የመማሪያ መጽሐፍ ለማንበብ ሌላ ፊደል መማር ይኖርባቸዋል። ቋንቋው የራሳቸው ነው፤ ድምፁ አልተለወጠም፤ ምልክቱ ግን ተለውጧል። ኮምፒዩተሩ በፋይሉ ላይ ያደረሰው፣ የፊደሉ ለውጥ በሰው ላይ ደረሰ ማለት ነው። የትኛው ፊደል ይሻል ነበር ብለን መፍረድ የባለቤቶቹ ፋንታ ነው። ማናቸውንም ለውጥ ያለ መሸጋገሪያ ማድረግ ግን አንድ ትውልድ መሐል መንገድ ላይ እንደሚያስቀር ያሳያል።

መሸጋገሪያ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዲላ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። የጌዴኦ ገበሬ ዘሩን ሲያሻሽል አሮጌውን መንጥሮ አይደለም። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፤ ቡናውም ኩሩሜ፣ ደጋ፣ ወሊሾ እየተባለ ባንድ ጓሮ ጎን ለጎን ይኖራል። አዲስ ችግኝ የሚገባው በነባሩ ጥላ ሥር ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ዓለም ያደነቀው ይህንኑ አኗኗር ነው። በዚያው ምድር ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሳሉ፤ ድንጋዩ ቢቆምም ያቆመው ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ የሚነግረን ከሌለ ግማሹ ጠፍቷል። እነዚያን ድንጋዮች ያቆሙት ሰዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አልፈዋል። የእኛን ፋይሎች የጻፉት ግን ገና አልሞቱም።

እንግዲህ አዲስ ነገር መሞከር ኃጢአት አይደለም። ፖትከን ባይሞክር፣ አያና ብሩ ባይደክሙ፣ እነ ፍሥሐ አጥላው እንቅልፋቸውን ባያጡ ዛሬ በስልካችን “እንደምን አደርሽ እናቴ” ብለን መጻፍ ባልቻልን ነበር። ጥያቄው ከመሞከሩ በፊት የሚነሣው ነው፦ የትናንቱን ጽሑፍ ይዘን እንሻገራለን ወይስ ጥለን? በየመሳቢያው የቀረ ዲስኬት፣ በየቢሮው አሮጌ ማሽን ውስጥ የተኛ ፋይል አለ። የተጻፈበትን ፕሮግራም ስም የሚያስታውሱ ጸሐፊዎች በሕይወት ሳሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል። አሥር ዓመት ቆይተን ብንነሣ ግን “ይህ በየትኛው ፊደል ነበር የተጻፈው?” ብለን የምንጠይቀው ሰው ላናገኝ እንችላለን።