የአብሾና የጨው ነገር

የአብነት ትምህርት በቃል መያዝን መሠረት ያደረገ ስለ ሆነ፥ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ በመካነ ሰላምና በሳይንት ደጋም አብሾ ስሙ የታወቀ ነው። አብሾ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ ለተማሪ የሚሰጥ መጠጥ ሲሆን፥ ከሚገቡበት ዕፀዋት አንዱ አስተናግር ነው። ነገር ግን በአስተናግር ውስጥ ያለው ስኮፖላሚን ትውስታን እንደሚያደክም በምርምር ታውቋል፤ ዕፁም ሲበዛ ያሳብዳል፥ ይገድላልም።

የደጋውን ሕፃን አእምሮ የሚጎዳው ሌላ ነው። ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈሩ አጥበው ይወስዳሉ፤ እናቲቱ አዮዲን ሲያንሳት እንቅርት ያወጣታል፥ የልጇም የማሰብ ኃይል ገና በማኅፀን ሳለ ይደክማል። አዮዲን የገባበት ጨው በአሰብ በኩል ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ. ም. በተነሣው ጦርነት ተቋረጠ፤ በ2003 ዓ. ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት አዘዘ።

እንግዲህ የትምህርታችንን ታሪክ የሚጽፍ የጨውን መንገድ አብሮ ይመርምር፤ ተማሪው በዋንጫ የፈለገው ነገር በከፊል ከእናቱ ወጥ የጎደለ ነበርና።